ድንጋይ የሚልሰው አጎቴ

ዛሬም ደስ ያለኝን ድንጋይ በምላሴ ጫፍ ነካ አደርገዋለሁ። ሸክላነት ካለው ይጣበቃል፤ ዝናብ የነካው የአፈር ሽታም አብሮ ይመጣል። ያ ሽታ ሲመጣ ከቢሮዬ ወጥቼ እንጦጦ ነኝ።

ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል ልመርጥ የነበረበት ክረምት ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ጂኦሎጂስት ነበር፤ ታንዛንያ የወርቅ ማዕድን ማውጫ ያስተዳድራል፣ ለእረፍት ቀበና እኛ ቤት ይመጣል። ራጉኤልን ተሳልመን ስንወርድ መንገድ ዳር ቁጢጥ አለና እርጥብ ድንጋይ ላሰ። ከኋላችን የሚወርዱ አሮጊት አማተቡ።

«ምነው ልጄ፣ ጠበሉ አልበቃህም?»

በሳቅ ፍርስ አልኩ። እሱ ግን ኮስተር ብሎ ድንጋዩን ሰጠኝ፤ እኔም ላስኩት። ይህ ኮረብታ ድሮ እሳት እንደነበር ሲነግረኝ፣ ይህን ካልተማርኩ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

እናቴ እሺ አላለችም። «አንድ ወንድም ለጉድጓድ ገብሬያለሁ። ልጄን ደግሞ? በቁሜማ አይሆንም!»

አጎቴ አልተከራከራትም። ነገር ግን አንድ አመል ነበረው፤ ሁላችንም ቤት ካልገባን እራት አይቀርብም። አንድ ምሽት የቀበና ወንዝ ሞልቶ ታናሽ ወንድሜ ዘገየ። አጎቴ ጃንጥላ ይዞ በር ላይ ቆመ፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ጆሮ ያደነቁራል። እናቴ ብርድ ይመታሃል ብላ ልታስገባው ወጣች።

«እትዬ፣ እኛ ጋ ጉድጓድ የሚገባ ሁሉ የስሙን ምልክት ሰሌዳ ላይ ሰቅሎ ይገባል፤ ሲወጣ ያነሳዋል። የአንዱ እንኳ ካልተነሳ እኔ እህል አልቀምስም።»

እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ አጠገቡ ቆመች፤ ወንድሜ ጫማውን በእጁ ይዞ ብቅ እስኪል ድረስ ሁለቱም ከበሩ አልተነቃነቁም።

እራት ላይ አጎቴን አጎረሰችውና «እንደዚህ ቆሞ የሚጠብቃት ካለ ትሂድልህ» አለችው።

ዛሬ ሁለቱም የሉም። እኔ ባዕድ አገር፣ እሱ ይሠራው የነበረውን ዓይነት ሥራ እሠራለሁ፤ የበላሁት እንጀራ ሁሉ ከዚያች እሺታ የመጣ ነው። እግዜር ይስጥልኝ፣ ሌላ ምን እላለሁ?

ለመጀመሪያው የመስክ ልምምድ ወደ ሰሜን ስሄድ እናቴ ላምበረት መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። የአውቶቡሱ ረዳት ጣሪያ ላይ ሻንጣ ያስራል፣ ሹፌሩ ጥሩንባ ይነፋል። እናቴ ስንቄን በመስኮት አቀበለችኝ።

«በይ ሂጂ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር» ብላ ፊቷን አዞረች።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስም አልዞረችም፤ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ በእጇ ብቻ ሂጂ፣ ሂጂ ትለኝ ነበር።