የሰርጌ ጤፍና የአባቴ ቤንዚን

አባቴ እህል ማቆየት የሚችልበት የደብረ ኤልያስ ገበሬ ነበር። ሌላው በጥር ጤፉን አህያ ላይ ጭኖ ገበያ ሲሮጥ፣ እሱ ጎተራውን በእበት መርጎ ሐምሌን ይጠብቃል። ሐምሌ ላይ የጎረቤቱ ቤት ሲራቆት ይከፍታል፤ ዋጋውም እሱ ያለው ነው። "እህልማ ማንም ይሸጣል፣ እኔ የምሸጠው ክረምቱን ነው" ይል ነበር ሲጎርር። እኔ ደብረ ማርቆስ ተምሬ እዚያው ሥራ ይዤ የቀረሁ ሴት ልጁ ነኝ፤ ጉራውን ከነዜማው አውቀዋለሁ።

ሰርጌ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጦ፣ ጾሙ ሲጋመስ፣ ሬዲዮው ባሕር ማዶ ጦርነት ተነሥቶ ነዳጅ ሊወደድ ነው አለ። አባቴ ከተማ ወጥቶ የባጃጅ ሾፌሮችን ጠየቀ። ማደያው ሰልፍ ነው፤ መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚቸረቸረው ቤንዚንም እሳት ሆኗል። በቃ፣ አለቀ! "ነዳጅም እህል ነው፤ ያቆየ ይጠቀማል" አለ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ? ወይፈኑን ሸጦ በጄሪካን በጄሪካን ገዛ።

የት ይደበቅ? ቀበሌ እንዳያይበት ጎተራ ውስጥ። ከጎተራም ጎተራ መርጦ፣ ለሰርጌ የተቀመጠው ማኛ ጤፍ ያለበት! ጄሪካኖቹን ጤፉ ውስጥ ቀበራቸው። ክዳናቸው አልገጥም ቢለው በእበት መረጋቸው። ዕድሜ ልኩን ጎተራ ሲመርግ የኖረ ሰው ሌላ ምን ይምጣለት? ለእናቴ እንኳ ትንፍሽ አላለም።

ከፋሲካ በኋላ ለድግሱ ዝግጅት ቤት ገብቼ ሳለ፣ አንድ ጠዋት ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከቤት ብድግ ብሎ ወጣ። "ጨመረ! አላልኳችሁም? ጨመረ!" እየዘለለ ሄዶ ጎተራውን ከፈተ። እኔ ጓሮ ሆኜ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ለካ በሙቀቱ ጄሪካኖቹ አብጠው፣ ቤንዚኑ እበቱን አልፎ፣ ግማሹን ጤፉ ጠጥቶታል።

እናቴ እፍኝ ጤፍ ዘግና አሸተተች። "አንተ ሰውዬ! የልጄን ሰርግ በእሳት ልታጋይብኝ ነው?"

"አማቾቼ ሲመጡ ሲጋራ እንዳያጨሱ አደራ" አልኩ። ሳቄ ቀድሞ መጣ፣ እንባዬ ተከተለው። ሰርግ ጠርቶ እንጀራ ያጣ ቤት ምን ሊባል ነው? ቀኑ ይራዘም ቢባል ደግሞ የሙሽራው ወገን "ልጅቷ ምን ሆና ነው?" ማለቱ አይቀርም። አባቴን በዓይኔ ማየት አስጠላኝ።

እሱ ግን አሁንም አልተሸነፈም። የተረፈውን ቤንዚን በአዲሱ ዋጋ ሽጦ ጤፍ ሊገዛ ማርቆስ ወረደ። ማታ አንድ ጆንያ ይዞ፣ ፊቱን ጥሎ ተመለሰ። ነዳጅ ሲጨምር የጭነት መኪናው ጨመረ፤ መኪናው ሲጨምር ጤፉ ሁሉንም ጥሎ ሄደ። ጆንያዋ ለሚዜዎቹ እንኳ የምትበቃ አልነበረችም። አትርፎ ከሰረ፤ እንዲህ ያለ ኪሳራ አይቼ አላውቅም።

ሽታ መቼም ወሬ ነው፤ በማግስቱ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። መጀመሪያ የመጣችው በየሐምሌው ቁና ይዛ አባቴ ደጅ የምትቆም ባልቴት ጎረቤታችን ናት። ስልቻ ጤፍ አዝላለች። ከኋላዋ ሌሎቹም እንደየአቅማቸው ተሸክመው ይከተላሉ። አባቴ ኪሱን ዳበሰ።

"ስንት ትሉኛላችሁ?" አለ ቀስ ብሎ።

"ጥር ላይ የነበረውን ዋጋ ስጠን፣ ይበቃናል" አለች ባልቴቷ። "የሐምሌ ዋጋ ሰውን እንዴት እንደሚያሳድረው እኛ እናውቀዋለን።"

ያ ሁሉ አፍ የነበረው ሰው ስልቻውን ከጀርባዋ ሊያወርድላት ጠጋ አለ።