ሽንኩርት የማይቁላላበት ቤት

አብነት ሰፈር፣ ከአናጺ ቤቶቹ ኋላ ባለችው ትንሽ መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ጠዋት ጠዋት የምትቆመው ሴት እንዳለች ትባላለች። ሥራዋ ሞግዚትነት ነው፤ ሽንት ቤት መውሰድ፣ ንፍጥ መጥረግ፣ ምሳ ዕቃ መክፈት፣ ግራና ቀኙ የተቀያየረ ጫማ ማቃናት። ሰፈሩ የሚያውቃት ግን በእጇ ነው። የእጇ ጀርባ ግንባሩን ሳይነካው በዚያ በር የሚያልፍ ሕፃን የለም። በኮሮና ጊዜ ትምህርት ቤቱ ግንባር ላይ ተደግኖ ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ገዝቶ ነበር። ሕፃናቱ ሽጉጥ ነው ብለው አለቀሱ፤ ቀጥሎ ባትሪው አለቀ፤ ከዚያ ወዲህ ስሙን ያነሳ የለም። የእንዳለች እጅ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ደንቡ በሩ ላይ ተለጥፏል። ትኩሳት ያለው፣ ሰውነቱ ሽፍ ያለ፣ ዓይኑ የቀላ ልጅ እስኪሻለው ቤቱ ይቆያል፤ ክትባቱን ያልጨረሰ ደግሞ ጨርሶ ይመጣል። እናቶች ደንቡን አንብበውታል፤ አንብበውም መላ አግኝተውለታል። ሥራ የሚረፍድባት እናት ልጇን ከመኝታው ስታነሳው የትኩሳት ሽሮፕ ትግተዋለች። በር ላይ ሲደርስ ግንባሩ እንደ ቧንቧ ውሃ ይቀዘቅዛል፤ ረፋድ ላይ የሽሮፑ ኃይል ሲያልቅ እንደ ካውያ ይግላል። እንዳለች ታዲያ ግንባር ዳስሳ ብቻ አትለቅም።

«እስቲ አፍህን ክፈት። እህ በል።»

«እህህህ።»

«ብርቱካን ብርቱካን ትሸታለህ ልጄ። ቁርስህ ብርቱካን ነበር?»

«አይደለም፣ መድኃኒት!» ይላል ልጁ፣ እናቱን በደስታ እያጋለጠ።

«በይ እናት ዓለም፣ ይዘሽው ተመለሽ። አለቃሽ ከተቆጣ ወደ እኔ ላኪው፤ የእሱንም ግንባር ልይለት።»

እናቶቹ እየሳቁም እያጉረመረሙም ይመለሳሉ።

የእንዳለች ግራ ዓይን ነጭ ነው። ወተት ጠብ ያለበት ይመስል ብሌኑን ነገር ሸፍኖታል፤ በእሱ አታይም። ስለዚህ ዓይን ሰፈሩ ውስጥ የማይወራ ወሬ የለም፤ የወሬው ሁሉ ምንጭ ደግሞ ራሷ ናት። ለሕፃናቱ፣ ዶሮ በቆሎ መስሏት ለቀመችው ትላቸዋለች። ለታክሲ ረዳቶች፣ በወጣትነቴ አንድ መልከ መልካም ትኩር ብዬ አይቼ ተቃጠለ ትላለች። ሥራ ልትቀጠር ስትመጣ ወጣቷ ዳይሬክተር ኑኃሚን ዓይኗን አይታ ልትጠይቅ ስታመነታ፣ «በፈረቃ ነው የማሠራቸው፤ ይሄኛው አሁን እረፍት ላይ ነው» አለቻት። ኑኃሚን በሳቅ ፈርሳ ቀጠረቻት። ብዙ ሰው ጠይቋታል፤ እውነቱን ይዞ የሄደ ግን የለም።

የእንዳለች ቤት ጌጃ ሰፈር ነው፤ ከማሂ ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራሉ። ማሂ ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ካሉት ኮምፒውተር ቤቶች በአንዱ አቤቱታ ትተይባለች። ቀኑን ሙሉ የሰው ክርክር ስትጽፍ ስለምትውል ቤቷ ገብታ መከራከር አይሆንላትም። በተለይ ለባሏ እናት፣ ለእማማ ወለተሰንበት፣ ቃሏ ሁሌም እሺ ነው። ሴት ልጇ የአብስራ በዘጠኝ ወሯ የኩፍኝ ክትባት ልትከተብ ስትሄድ ጉንፋን ይዟት ነበርና፣ አያቷ «የታመመ ልጅ አይወጋም» ብለው ከመንገድ መለሷት። ማሂ እሺ አለች። ከዚያ ዛሬ ነገ ሲባል ቀረ። መዋዕለ ሕፃናቱ ሲመዘግባት የክትባቷን ማስረጃ አምጪ ተባለች፤ ማሂ «ነገ» አለች። ያ ነገ እስካሁን መንገድ ላይ ነው።

አንድ ሰኞ የአብስራ ሳትመጣ ቀረች። ማሂ ደውላ «አክስቷ ጋ አዳማ ሄዳለች» አለች። ኑኃሚን አመነች፤ እንዳለችም አመነች። ማታ ወጥ ልትሠራ ስትቀመጥ ግን አፍንጫዋ የለመደውን አጣ። በግድግዳው ወዲያ ሽንኩርት አልተቁላላም። እማማ ወለተሰንበት ደግሞ ሽንኩርት ካላቁላሉ ቀኑ የመሸ የማይመስላቸው ሴት ናቸው። በማግስቱም የለም። ማሂ ወደ ሥራ ስትወጣ፣ እስከ ታክሲ ተራው የሚከተላትን ያንን ሽቶዋን አልተቀባችም። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። ሰው ሲመጣ እማማ በሩን በጀርባቸው ገጥመው፣ ደጅ ቆመው ነው የሚሸኙት።

እንግዳ ሰው ቢሆን ተጣልተዋል ብሎ ያልፈዋል። ጌጃ ሰፈር የተወለደች ሴት ግን አትሳሳትም። ኩፍኝ የገባበት ቤት ነው። ኩፍኝ ሽታ ይጠላል ይባላል፤ ቁሌት፣ ሽቶ፣ ከፀሐይ ላይ የመጣ ሰው። ብርሃንም ይጠላል። ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ መርፌ ይጠላል ተብሎ ይፈራል። ስለዚህ ልጁ ሐኪም ዘንድ አይወሰድም፤ ጨለማ ውስጥ ተኝቶ እንዲወጣለት ይጠበቃል።

እንዳለች የሰፈሩን ወሬ ሳታኝክ የምትውጥ ሴት አልነበረችም። ይህን ግን ለማንም ትንፍሽ ሳትል ዋለች። በሰው ልጅ ምን አገባኝ ብላ ራሷን አባበለች። ለትምህርት ቤቱ ብትናገር ማሂን ማሳጣት ነው፤ ዝም ብትል ደግሞ የአብስራ አብራቸው የዋለች ሕፃናት አሉ። አመሻሹ ላይ ሽንኩርቷን ይዛ እያሰበች ሳለ፣ በግድግዳው በኩል ቀጭን ድምፅ መጣ።

«እማዬ፣ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ አለ። አውጪልኝ።»

የእንዳለች ቢላዋ ሽንኩርቱ ላይ ቆመ። ተነስታ እጇን በሳሙና ታጠበች፤ ሽታው እንዲለቅ ደግማ ታጠበች። ወጥታም በሩን አንኳኳች።

«ማነው?» አሉ እማማ ወለተሰንበት ከውስጥ።

«እንዳለች ነኝ።»

«ከፀሐይ መጥተሽ እንዳትገቢ!»

«ፀሐይዋማ ገባች እማማ። ሳንገባ የቀረነው እኔና ዶሮዎቹ ነን።»

«ምን ፈለግሽ?»

«የአብስራን።»

«አዳማ ናት።»

«አዳማ ያለች ልጅ እዚህ ታለቅሳለች? ወይስ ድምፅዋን ረስታው ነው የሄደችው?»

በሩን የከፈተችው ማሂ ነበረች፤ እንቅልፍ ካየች ሰንብታለች። ቤቱ ጨልሟል። የአብስራ አልጋው ጥግ ተኮራምታ ተኝታለች፤ ፊቷ በሽፍታ ነድዷል፣ የዓይኖቿ ሽፋሽፍት በዓይናር ተጣብቀዋል። በበሩ የገባችው ቅንጣት ብርሃን እንኳ አስጮኸቻት።

«እትዬ እንዳለች፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ለትምህርት ቤት እንዳይናገሩብኝ» አለች ማሂ። «ሳትከተብ ነው ያስገባሻት ብለው ያባርሩብኛል። ሌላ ቦታ ከየት አገኛለሁ?»

«ደንቡ እስክትድን ቤት ትቆይ ነው የሚለው እንጂ ትባረር መቼ አለ? እሱን ለኔ ተይው። አሁን ሐኪም ይያት።»

«ወዲያ!» አሉ እማማ። «ኩፍኝ እኮ እንግዳ ነው። በክብር ይሸኛል እንጂ መርፌ ይመዘዝበታል? ስንቱን ልጅ በዚህ እጄ አውጥቻለሁ። አንቺ የሰው ልጅ ንፍጥ ስለጠረግሽ ሐኪም ሆንሽ?»

እንዳለች አፏን ከፈተች። እንደ ልማዷ ቀልድ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ከምራቋ ጋር ዋጠችው። የስልኳን መብራት አብርታ ወደ ራሷ ፊት አዞረችው።

«ዓይኔን ይዩት እማማ።»

«ምን አለው? ዶሮ ነው ያጠፋው፣ ራስሽ አይደለሽ የነገርሽኝ?»

«ዶሮ አይደለም።»

ማሂ ጠጋ ብላ አየች።

«ትንሽ ልጅ ነበርኩ፣ የየአብስራን ያህል። እዚሁ ሰፈር ነው። ኩፍኝ ያዘኝ። እናቴ ቁሌት ትታ፣ መስኮቱን በጋቢ ሸፍና፣ አልጋዬ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። እንደሷ ልጅ የሚወድ እናት አላየሁም። እማዬ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ አለ አልኳት። እፍ እፍ አለችልኝ። ሽፍታው በሰላም ሄደ። ጋቢው ከመስኮቱ ሲነሳ ግን የኔ አንዱ መስኮት ሳይከፈት ቀረ።»

ስልኩን ከፊቷ ሳታወርድ ቀጠለች።

«ከዚያ በኋላ ሰው ዓይኗን ምን ሆና ነው ብሎ ሲጠይቅ እናቴ አንገቷን ትሰብራለች። ስለዚህ እሷ ሳትመልስ እኔ ቶሎ ብዬ፣ ዶሮ ለቅማኝ ነው እላለሁ። ሰው ይስቃል፤ ሰው ሲስቅ እሷም ትስቃለች። እስክትሞት ድረስ ዶሮ ነበር። አልወቅሳትም፤ የነገራት ሰው አልነበረም። ለእናንተ ግን ይኸው ነገርኳችሁ።»

እማማ ወለተሰንበት ያንን ነጭ ዓይን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ሄደው የልጅ ልጃቸውን አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን አጥፈው የየአብስራን ዓይኖች ቀስ አድርገው ጋረዱላት።

«መርፌ ካወጡ ግን ይዣት ነው የምወጣው» አሉ።

«ይውጡ። እኔ በሩን ይዤልዎት እቆማለሁ።»

ሲነጋ ማሂ ልጇን አዝላ፣ እማማ ከኋላ፣ እንዳለች ከፊት ሆነው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ከመግባታቸው በፊት ማሂ ራሷ ለኑኃሚን ደወለች። አዳማ የሚለውን ወሬ አፈረሰችና አለቀሰች። ኑኃሚን ወዲያው ሌሎቹን ወላጆች ልታስጠነቅቅ፣ ያልተከተቡትንም ልትለይ ተነሳች።

በጤና ጣቢያው፣ ሌሎች ሕፃናት እንዳይያዙ ለብቻቸው አስቀመጧቸው። ነርሱ የየአብስራን ዓይኖች አጠበ፣ ቅባት አደረገ፤ ትንሽ እንክብል ጫፏን ቆርጦ አፏ ውስጥ ጠብ ጠብ አደረገላት። ቫይታሚን ኤ ነው አለ። እማማ ወለተሰንበት ከእጁ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

«መርፌውስ?» አሉ።

«የኩፍኝ መርፌማ ኩፍኝ ሳይመጣ ነበር እማማ። ዛሬ ጠብታ ነው። ነገ ይደገማል። ብሌኗ ገና አልተጎዳም፤ እንኳን አመጣችኋት።»

«ይኸው ነው?» አሉ እማማ፣ ለጦርነት ታጥቆ መጥቶ ሰው እንዳጣ። ለመቆጣት ምክንያት ፈልገው ስላላገኙ ነርሱን ግንባሩን ሳሙት።

በማግስቱ ማንም ሳይቀሰቅሳቸው የአብስራን ራሳቸው ይዘው ሄዱ። ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ አዲስ ወሬ ሰማ። ኩፍኝ ጠብታ ይወዳል፤ ይህንንም ያወቁት እማማ ወለተሰንበት ናቸው፤ እንዳለችን እንኳ ጎትተው የወሰዷት እሳቸው ናቸው። እንዳለች ሲነገራት «እውነት ነው፣ እኔማ መንገዱም ጠፍቶኝ ነበር» ትላለች። ማሂ ደግሞ የትምህርት ቤቱን ማስታወቂያ ያለ ዋጋ በአዲስ ተየበችው፤ ኑኃሚን ከደንቡ ሥር አንድ መስመር አስጨምራበታለች፦ ልጅዎ ሲታመም ይንገሩን፤ ወንበሩ ይጠብቀዋል።

የአብስራ የተመለሰች ጠዋት በሩ ላይ ሰልፍ ነበር። እንዳለች ግንባሯን በእጇ ጀርባ ነካች፤ ቀዝቃዛ ነው። አፏን አሸተተች፤ ዳቦ ብቻ ይሸታል። አላሳለፈቻትም። የልጅቱን አንድ ዓይን በመዳፏ ጋርዳ ጣቶቿን አወጣች።

«ይሄ ስንት ነው?»

«አራት!»

መዳፏን ወደ ሌላኛው ዓይን አዛወረች።

«ይሄስ?»

«አንድ! አውራ ጣት!»

እንዳለች ጉንጯን ሳመቻት። ከኋላ ያሉት ሕፃናት «እኔንም! እኔንም!» እያሉ ተንጫጩ፤ አንዷ እናት «ኧረ ረፈደብን እትዬ!» አለች። የአብስራ ግን አልገባችም። እንዳለች ገና ቀና ሳትል ልጅቱ ትንሿን እጇን ዘርግታ የእንዳለችን ቀኝ ዓይን፣ ያንን የሚያየውን፣ ሸፈነችው። በሌላው እጇ ጣቶቿን አሳየቻት።

«አንቺስ? ይሄ ስንት ነው?»

እንዳለች በዚያ ሙቅ ጨለማ ውስጥ ሆና ሳቀች።

«ሦስት» አለች፣ በግምት።

ማሂ ከሰልፉ አጠገብ ቆማ ታይ ነበር። ልጇ ያወጣችው ሁለት ነበር። የአብስራ ጣቶቿን አየች፣ ያንን ነጭ ዓይን አየች፤ ቶሎ ብላ ሦስተኛዋን ጣት አወጣችና እጇን ከእንዳለች ዓይን ላይ አነሳች።

«ልክ ነሽ!» አለቻት።