አርብ የመጣው ናሙና

መሣሪያው የምሳ ዕቃ ያክላል። ከፊቱ አረንጓዴና ቀይ መብራት አለው፤ ከጎኑ ረጅም ባዶ ብረት ይወጣል። ብረቱን የቀዳነው ቡና ነጋዴዎች ጆንያ ሳይፈቱ ናሙና ከሚያወጡበት ብረት ነው። ጆንያው ውስጥ ሲሰኩት አየር ይስባል፣ ሽታውን ይለካል፣ ሐሺሽ ካለ ቀይ ይበራል። ፖሊሶች ኬላ ላይ የሰው ንብረት ሲዘረግፉ ከሚውሉ፣ ቡናው ሳይበላሽ፣ መንገደኛውም ሳይጉላላ ፍተሻው ያልቃል ብለን ነበር የተነሳነው። «መንገደኛው ሳይጉላላ» የሚለውን በማመልከቻው ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሁን ትዝ ሲለኝ ፊቴን ያቃጥለኛል።

ጅማ የመጣሁት ሁለተኛ ዲግሪዬን ልማር ነው፣ ከደብረ ብርሃን። የምማረው ኬሚስትሪ ስለነበር ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌ አየው ነበር። ከሰው ጋር ክፍል መጋራት ስላልቻልኩ (ነገረኛ ነሽ ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው) ሄርማታ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ፣ አንድ ልብስ ሰፊ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ልብስ ሰፊው የሸቤ ሰው ናቸው፤ በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ የሚጨርሱ፣ ሲስቁ መርፌውን ከአፋቸው አውጥተው የሚስቁ። ከገባሁባት ቀን ጀምሮ «ልጄ» ነው ያሉኝ። ትንሿ ልጃቸው ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቀጥታ እኔ ክፍል ገብታ ደብተሯን አልጋዬ ላይ ትዘረጋለች። እህቴ ትለኝ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ነው የምትለኝ።

እዚያ ግቢ በኖርኩበት በመጀመሪያው ዓመት፣ የዒድ ሰሞን፣ ከሸቤ አንድ ጆንያ ቡና መጣ። የልብስ ሰፊው እህት የላኩት ነው። ለምርቃት የሚሆነውን ቡና ከነገለፈቱ በቅቤ ይጠብሱታል፤ ቡና ቀላ ይሉታል፤ ሽማግሌዎች እየበሉ ይመርቃሉ። ጆንያውን ስንፈታ ከመሐሉ በነጠላ ቁራጭ የታሰረ የደረቀ በሶብላ ወጣ፤ ለቅቤው ማጣፈጫ ነው። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ አስነጠሰኝ።

«እህቴ ካለ በሶብላ ቡና ልካ አታውቅም» አሉ እየሳቁ። «እናታችንም እንደዚሁ ነበረች። ዋላሂ፣ እሱ ከሌለበት የእኛ ቤት ቡና አይመስለኝም።»

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አስቀድሜ የነገርኳችሁም ለዚያ ነው።

ዓመታት አለፉ፤ ተምሬ ጨረስኩ፣ ዶክተር ተባልኩ፣ እዚያው ጅማ የፖሊስ ናሙና በሚመረምር የመንግሥት ቢሮ ተቀጠርኩ፣ ሌላ ሰፈርም ቤት ያዝኩ። መሣሪያውን የሠራነው ሁለት ሆነን ነው። ኤሌክትሮኒክሱንና ፕሮግራሙን የሠራው አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ የሽታው ነገር የእኔ ድርሻ ነበር። መሣሪያው ሐሺሽን ከሌላ ነገር እንዲለይ የሌላውንም ሽታ ማወቅ ነበረበት። እሸት ቡና፣ ጀንፈል፣ የታጠበ ቡና፣ ኮረሪማ፣ ዝንጅብል፣ ጤና አዳም እያልን አንድ በአንድ አስሸተትነው። ሁሉንም አለፈ። በሶብላ ላይ ግን ቀይ በራ። ደገምነው፤ ቀይ። የበሶብላና የሐሺሽ ሽታ የሚጋሯቸው ነገሮች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አዲስ ነገር አልነበረም። ለማስተካከል ግን ከውጭ የሚመጣ ሌላ ዕቃ፣ ቢያንስ ደግሞ የሁለት ወር ሥራ ይጠይቅ ነበር። ለኃላፊዎች ቃል የገባንበት ቀን ደግሞ ደርሶ ነበር።

ባልደረባዬ «ይሄን ምን እናድርገው?» አለኝ።

«ማን ቡና ጆንያ ውስጥ በሶብላ ይከታል?» አልኩት አፌን ሞልቼ። «አውጣው።»

አመነኝ። እኔ ነኛ አሥር ዓመት ጅማ የኖርኩት። በሶብላን ከዝርዝሩ ሰረዘውና ውጤታችን ያማረ ሆነ።

ረስቼው ነው ብል ደስ ባለኝ። ለብዙ ቀን ለራሴም እንደዚያ ልለው ሞክሬ ነበር። አልረሳሁም። «አውጣው» ስል ያ የነጠላ ቁራጭ ዓይኔ ላይ ነበር። አንድ ቤት የሚያደርገው ነገር ነው ብዬ አሳነስኩት እንጂ።

መሣሪያው ለሙከራ በሸቤ መንገድ አንድ ኬላ ላይ ተቀመጠ። ለሁለት ሳምንት አረንጓዴ ብቻ ሲበራ ከረመ። ለፖሊስ የሚደረገው ርክክብ ሰኞ ሊሆን፣ አርብ ረፋድ ላይ ስልክ ተደወለ፤ «ያዘ!» ቢሮው በጭብጨባ ቀለጠ። አለቃችን ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ዶክተር፣ አኮራሽን» አለኝ። እኔም ኮራሁ፤ ልዋሽ አልችልም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ናሙናው ከጁምዓ ሰላት በፊት በፖሊስ ሞተር ብስክሌት ደረሰ። የታሸገ ፖስታ ነው፤ በላዩ ቁጥር እንጂ ስም የለም፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ብቻዬን ነበርኩ። ቀደድኩት። ገና ሳልዘረጋው ሽታው ወጣ፤ አስነጠሰኝም።

በሶብላ ነበር።

ማረጋገጫው ምርመራ ሃያ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ማኅተሙ ከጠረጴዛዬ ሦስት እርምጃ ርቆ ጸሐፊዋ ጋ ተቀምጧል። ኮሪደሩ ላይ ሰዎች ገና እየሳቁ ነው፤ አንዱ ለሰኞው ዝግጅት የሚሰቀለውን ጨርቅ ሲለካ ይሰማኛል። ፖስታውን መልሼ አሸግኩትና መሳቢያዬ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩ። ሰኞ ከርክክቡ በኋላ እሠራዋለሁ አልኩ። ሁለት ቀን ምን አላት? ጆንያ ብቻውን ተሳፍሮ እንደማይመጣ፣ አጠገቡ ሰው እንዳለ፣ ያ ሰው አሁን የሆነ ቦታ ታስሮ የእኔን ወረቀት እንደሚጠብቅ አላሰብኩም ልላችሁ አልችልም። አስቤዋለሁ። አስቤ ነው የቆለፍኩት።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ፣ የዚያች የትንሿ ልጅ ኒካ ነበር። አድጋ፣ ተምራ፣ ለጅሬን ሰፈር ልጅ ልትዳር ነው። በስድስት ሰዓት ተኩል ሻሼን አስሬ፣ ስጦታዬን ይዤ ሄርማታ ደረስኩ። ድንኳኑ በሰው ሞልቷል፤ ድምፅ ግን የለም። የሙሽራው ሽማግሌዎች በአንድ ወገን ተደርድረው ተቀምጠዋል። እናትየው በር ላይ ቆመው ወደ መንገዱ ያያሉ።

«አባባስ የት አሉ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ጉድ ሆነናል» አሉኝ እጄን ይዘው። «የኒካውን ቡና ላምጣ ብሎ ሸቤ እህቱ ጋ ሄዶ ነበር። ትናንት ጠዋት ሲመለስ ኬላ ላይ ከቅጥቅጡ አወረዱት። አዲስ መሣሪያ አለ አሉ፤ ጆንያህ ሐሺሽ አለበት ብለው ያዙት። በዚህ ዕድሜው! የመኪናው ረዳት ነው መጥቶ የነገረን። ወንድሙ ሄዶ ቢለምን ውጤቱ ሰኞ ነው የሚመጣው አሉት።»

ሰኞ። ያን ሰኞ የወሰንኩት እኔ ነበርኩ። በሩን ይዤ ቆምኩ። እናትየው ለእሳቸው የደነገጥኩ መስሏቸው «አይዞሽ» አሉኝ። እኔን አጽናኑኝ!

ባጃጅ ይዤ ወደ ቢሮ ከነፍኩ። ምርመራውን ሠራሁ፤ ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያ አላለፈም። የኬላው አዛዥ ግን በስልክ የተነገረ አልቀበልም አለ፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ያስፈልጋል፣ ሕጉ ነው አለኝ። ትክክል ነው። ቅዳሜ በመሆኑ ማኅተሙ ካዝና ውስጥ ተቆልፏል፤ ጸሐፊዋ ቁልፉን ይዛ ዘመድ ጥየቃ አጋሮ ሄዳለች። ደወልኩላት፣ ለመንኳት፣ ጮህኩባትም፤ ምንም ያላጠፋችውን ሰው። እሷ መጥታ፣ ማኅተሙ ተመትቶ፣ ወረቀቱ በመኪና ኬላው እስኪደርስ የኒካው ሰዓት አለፈ።

ሄርማታ ውስጥ ሰው ከዙህር ሰላት እስከ አስር ሰላት ሲጠብቅ ዋለ። ሴት ልጅን የሚድረው አባቷ ነው፤ እጁን ለሙሽራው ሰጥቶ ቃሉን የሚናገረው እሱ ነው። እሳቸው ደግሞ ለዚያች ቀን ነጭ ጀለቢያ በገዛ እጃቸው ሰፍተው ግድግዳ ላይ ሰቅለዋት ነበር። ስልካቸውን ፖሊስ ስለያዘው፣ ወንድማቸውንም እንዲያገኙ ስላልተፈቀደላቸው፣ በእኔ ምትክ ዳርልኝ የሚል አደራ እንኳ መስጠት አልቻሉም። ሸኹ ብዙ ከታገሡ በኋላ የአባት ወንድም ይበቃል አሉ። ከሙሽራው ወገን አንዱ «በምን ምክንያት ነው የቀሩት?» ብሎ ጠየቀ አሉ፤ ማንም አልመለሰለትም። አጎቷ ቃሉን ሰጠ። ልጅቷ ዓይኗ አብጦ ወደ ጅሬን ሄደች።

አባትየው ለመግሪብ ሰላት ጥቂት ሲቀረው ከነጆንያቸው ደረሱ አሉኝ። ሽማግሌዎቹ ሄደዋል፤ ድንኳኑን እየነቀሉት ነበር። ጀለቢያዋን ቀና ብለው አይተው ለሰላት ውዱእ ሊያደርጉ ወደ ጓሮ ሄዱ።

ያን ዕለት ልጅቷ ደወለችልኝ። እያለቀሰች ነበር። «እህቴ፣ አንቺ ሮጠሽ ባትደርሺለት አባቴ እስከ ሰኞ እዚያው ነበር። አላህ ይስጥልኝ» አለችኝ። «ምንም አይደል» አልኳት።

ሰኞ ዕለት መሣሪያው በሶብላን ከሐሺሽ እንደማይለይ ለአለቃዬና ለባልደረባዬ ነገርኳቸው፤ ከዝርዝሩ ያስወጣሁትም እኔ እንደሆንኩ። ርክክቡ ቀረ፣ መሣሪያው ከኬላው ተመለሰ። አለቃዬ ተቆጣ፣ ባልደረባዬ ለብዙ ቀን አኮረፈኝ። ፖስታውን መቼ እንደከፈትኩት ግን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም። ግማሹን ተናግሬ ግማሹን ዋጥኩት።

ልብስ ሰፊውን ለማየት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሱቃቸው ገበያው ዳር ነው። ሲያዩኝ ከስፌት መኪናቸው ተነስተው በርጩማውን በእጃቸው ጠረጉልኝ።

«ያ ኢንታላ፣ ልጄ፣ የት ጠፋሽ? ማሎ፣ እባክሽ ተቀመጪ። ላመሰግንሽ ነበር።»

«እባክዎ አያመስግኑኝ፣ አባባ።»

«እንዴት አላመሰግንሽም! ታውቂያለሽ፣ እዚያ ይዘውኝ ሳለ ከተማ ውስጥ የምታውቀው የመንግሥት ሰው ካለ ጥራ አሉኝ። ስምሽ ምላሴ ላይ መጣ። ዋላሂ፣ ተውኩት። የተማረች ልጅ ናት፣ በሐሺሽ ነገር ስሟ አይነሳ አልኩ። አንቺ ግን ሳልጠራሽ መጣሽልኝ። አልሀምዱሊላህ።»

ከዚያ በላይ መስማት አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳቸው። መሣሪያውን የሠራሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። በሶብላውን አውቄ እንዳስሰረዝኩት፣ ፖስታው እንዴት እንደመጣና እንደቆለፍኩት፣ አንድም ሳልደብቅ። እያወራሁ ጫማዬን ነው የማየው። እግራቸው የመኪናውን መርገጫ መርገጡን አቆመ።

«ስትከፍችው ሸተተሽ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«የእህቴ በሶብላ መሆኑን አወቅሽ?»

«የማን እንደሆነ አላወቅኩም። በሶብላ መሆኑን ግን አወቅኩ።»

«መቼ ነው የከፈትሽው?»

«አርብ። ከጁምዓ በፊት።»

ውጭ አንድ ሰው አህያ ላይ ጆንያ እየጫነ ይጮኻል። እሳቸው መቀሱን አነሱት፣ መልሰው አስቀመጡት።

«ኒካው ቅዳሜ ነበር» አሉ።

ይቅርታ የምትለዋን ቃል ብዙ ጊዜ ተለማምጃት ነበር የሄድኩት፤ አፌ ውስጥ ደረቀች። ቢሰድቡኝ፣ ውጪ ቢሉኝ ደስ ባለኝ። ለልጅቷ ራሴ እነግራታለሁ አልኳቸው፤ ዛሬውኑ ጅሬን እሄዳለሁ፣ የባሏም ቤተሰቦች እውነቱን ይስሙ አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ተናግሬ መገላገል ፈልጌ ነበር።

«ለባሏ ሰዎች የመሣሪያው ስህተት መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ፤ አምነውኛል» አሉ። «ለእሷ ግን የመሳቢያሽን ነገር አትንገሪያት። እህቴ ትልሻለች። በኒካዋ ቀን አባት ጎደለባት፤ አሁን ደግሞ እህት አይጉደልባት።»

ከዚያ ጨርቁን ከመርፌው ሥር አስተካክለው መስፋት ጀመሩ። ሂጂም አላሉኝ፣ ቆዪም አላሉኝ። ያን እጅጌ እስኪጨርሱ ተቀምጬ ነበር።

ልጅቷ አሁንም አርብ አርብ ትደውልልኛለች። ስለ ባሏ፣ ስለ ቤቷ፣ ስለሚያቅለሸልሻት ነገር ሁሉ ታወራኛለች፤ እርጉዝ ናት። ስልኩን ሳትዘጋ በፊት አንድም ቀን ሳትረሳ «እህቴ፣ ያን ቀን አንቺ ባትኖሪ» ትለኛለች።

«ምንም አይደል» እላታለሁ።