የነብሯ ማደሪያ

ከምኖርበት ቤት ፊት ለፊት፣ እዚሁ ዓባይ ማዶ፣ አንድ የብረታ ብረት ሱቅ አለ። ባለሱቁ ጠዋት ጠዋት መዝጊያውን በሰንሰለት እየሳበ ወደ ላይ ሲያነሣው ድምፁ የባጃጁን ጩኸት ሁሉ ጥሶ ይመጣል። ጎረቤቶቼ ለምደውታል። እኔ ግን ሰንሰለቱ መንቃጨል ሲጀምር በእጄ የያዝሁትን አስቀምጬ እስኪያበቃ ቆሜ እጠብቃለሁ። ለምን እንደሆነ ጠይቀሽኝ ነበር። ነገሩ ረጅም ነው፤ ስለዚያ ቀን ካልነገርሁሽ አይገባሽም።

ያኔ የምንኖረው ጎርጎራ ነበር። አባቴ በወደቡ የጀልባ ሞተር ይጠግን ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ እናቴ ለተሳፋሪ ዳቦና ሻይ እየሸጠች አሳደገችን። ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ውጤት ይጠብቃል። ዘመኑ ወጣት የሚታፈስበት ዘመን ነው። ገበያ የተላከ ልጅ ከገበያ ይቀራል፤ ኳስ ሊያይ የወጣው ከሜዳው ተጭኖ ይሄዳል። እናቴ ወንድሜን ከበር አላሳልፍ አለችው። ቀኑን ሙሉ ጓዳ ውስጥ ከእህሉ ጎታ ጀርባ ተቀምጦ ያነባል። በር ሲንኳኳ መጽሐፉን እንኳ አይዘጋም፤ ትንፋሹን ብቻ ይይዛል። አንድ ቀን «እዚህ ከምበሰብስ ሄጄ ብሞት ይሻለኛል» ሲላት ሰማሁ። አልተቆጣችውም። በማግስቱ ለአጎቴ መልእክት ላከች።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ዘጌ ውስጥ መሪጌታ ነበሩ። የታሰበው ወንድሜ ደበሎ ለብሶ ከቅኔ ተማሪዎቻቸው ጋር እንዲቀላቀል ነው። እኛ በጀልባ ባሕር ዳር እንድንደርስ፣ እሳቸው ደግሞ አመሻሽ ላይ በታንኳ መጥተው ከከተማው ወጣ ካለው ዳርቻ እንዲወስዱት ተቃጠርን።

ሐይቁን ስንሻገር ሦስታችንም ዓይናችንን አልከደንም። የጀልባው ነጂ የአባቴ ወዳጅ ስለነበር ወደቡ ሳንደርስ ጥግ አስይዞ አወረደን። እስከ ምሽት ድረስ ግን ቀኑ ረጅም ነው፤ አንድ ጎረምሳ ይዞ ሜዳ ላይ መቀመጥም አይቻል። ደንገሉን ጥሰን ስንወጣ በሽቦ የታጠረ፣ ትልልቅ ሾላ ያለበት ግቢ አየን። ከአዳኝና ከቆዳ ነጋዴ እጅ የተወሰዱ አውሬዎች የሚቀመጡበት ስፍራ ነበር። በእሑድ የፋብሪካ ሠራተኞች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጡበታል አሉ። ያን ቀን ግን ሰው የለም።

በሩን የከፈተችልን ጠባቂዋ ናት፤ በንግግሯ የአዲስ አበባ ሰው የመሰለችኝ፣ ጠና ያለች፣ ሽርጥ ያሸረጠች ሴት። ወንድሜን ከእግር እስከ ራሱ አየችውና ወደ እናቴ ዞረች።

«እትዬ፣ እርስዎ እንኳ እንስሳ ሊያዩ አልመጡም» አለቻት።

እናቴ የወንድሜን እጅ ያዘች።

«ግቡ። እዚህ ስም የሚጠይቃችሁ የለም።»

ያ ግቢ ጥሬ ሥጋና የረጠበ ሣር ይሸት ነበር። ክንፉ የተሰበረ፣ አፉ እንደ ከረጢት የተንጠለጠለ የውሃ ወፍ አጥሩን ተከትሎ ከወዲያ ወዲህ ይመላለሳል። ወገቧ ላይ የገመድ ጠባሳ ያለባት ጦጣ አለች። እናቷ የተገደለችባት ሚዳቋ መጥታ እጄን ላሰችኝ፤ ምላሷ ሻካራና ሙቅ ነበር። ከሁሉም ራቅ ብሎ የነብሯ ቤት ነበር፤ ፊቱ በፍርግርግ የታጠረ ሜዳ፣ ጀርባው የድንጋይ ማደሪያ። ነብሯ አንድ የፊት እግሯን ወጥመድ ቆርጦባታል። በሦስት እግር እንኳ ስትራመድ ድምፅ የላትም። ወንድሜ ፍርግርጉን ይዞ ብዙ ቆየ። ከጓዳችን ከወጣ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት እዚያ ነው፤ ወፉ ከኋላው መጥቶ የሸሚዙን ጫፍ በአፉ ሲጎትተው።

ምሳችንን ሾላው ሥር በልተን ሳንጨርስ የመኪና ድምፅ መጣ።

«የሥጋው መኪና ነው» አለች ጠባቂዋ። ከዚያ ጆሮዋን ጥላ አዳመጠችና ፊቷ ተለወጠ። «አይደለም።»

ግቢው ያለው በር አንድ ነው። ከኋላችን ሐይቁ፤ ሽቦው እስከ ውሃው ውስጥ ገብቷል። ጠባቂዋ አልሮጠችም። ወደ ነብሯ ቤት ሄዳ ከውጭ የታሰረውን ሰንሰለት ለቀቀችው፤ በሜዳውና በማደሪያው መሃል ያለው የብረት መዝጊያ ዱብ ብሎ ወረደ። ነብሯ ውጪ ቀረች። ከዚያ በጀርባ ዞራ ትንሿን በር በቁልፍ ከፈተች።

«እሷ ውጪ ናት፤ አትፍራ። እንዳትስል ብቻ» አለችው ወንድሜን።

እናቴ ግንባሩን ሳመችው። ጎንበስ ብሎ ገባ። ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ።

የመጡት ታጣቂዎች እኛን ፈልገው አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲሞቅ ሊወርዱበት፣ እስከዚያ ከሰው ዓይን ራቅ ብለው ሊያርፉ ነው። ከጭነት መኪናው ላይ አንገታቸውን ደፍተው የተቀመጡ ልጆች ይታዩኛል፤ አንዱ የደብተር ቦርሳውን እንደያዘ ነው። አለቃቸው ከወንድሜ እምብዛም የማይበልጥ፣ ጢሙ ገና ያልሞላ ልጅ ነበር። እናቴንና እኔን ዞር ብሎ አየን። «ልጅቷ ነብር አላየሁም ብላ ነው» አለች እናቴ። «እኔም አላየሁም» አለና ወደ ነብሯ ሄደ።

የነብሯን እግር ሲያይ ከንፈሩን መጠጠ።

«ማነው እንዲህ ያደረጋት?»

«ወጥመድ» አለች ጠባቂዋ።

«ምን ዓይነት ጨካኝ ነው» አለ፣ ከልቡ።

ሌሎቹ ጥላው ሥር ተጋደሙ። እኛም መውጣት አንችልም፤ ወንድሜን ትተን ወዴት እንወጣለን? መቀመጥም ያስጠረጥራል። እናቴ ሚዳቋዋን ታሻሽ ጀመር። ከዚያ ሰማዩ ከዘጌ በኩል ጠቆረና ዝናቡ መጣ። ሁላችንም ከነብሯ ቤት ፊት ካለው የቆርቆሮ ጥላ ሥር ገባን። ነብሯ ግን መጠለያ የላትም። ወደ መዝጊያው ሄዳ በአንድ እጇ ብረቱን ትቧጥጥ ጀመር።

«ጓድ፣ ይክፈቱላት እንጂ» አለ አለቃው።

«መድኃኒት ረጭቼበታለሁ። እስኪደርቅ ነው።»

ጥቂት ታገሠ። ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠ። ነብሯ መዝጊያው ሥር ተጠቅልላ እንደ ሕፃን የሚመስል ድምፅ አወጣች። ልጁ ቆቡን ወደ ታች ስቦ ተነሣ።

«መድኃኒቱ ሳይሆን ብርዱ ነው የሚገድላት።»

«ሰንሰለቱ ይይዛል፣ ተበላሽቷል፣ ተዉት» አለች ጠባቂዋ። እሱ ግን በበረዶው ውስጥ ወጥቶ ሰንሰለቱን ጨበጠና ሳበ። ተንቃጨለ። ብረቱ ስንዝር ያህል ተነሣ። ነብሯ እጇን ከሥሩ አስገባች።

እናቴ ከአጠገቤ ተነሥታ ጮኸች። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲያ ስትጮኽ አልሰማኋትም።

«ተው! ልጄ ነው ውስጥ ያለው! ተው በማርያም!» አለችና ወንድሜን በስሙ ተጣራች።

ሰንሰለቱ ከእጁ አመለጠ። ነብሯ እጇን ነጠቀች፤ ብረቱ ወደቀ። በረዶው ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከኋላችን ታጣቂዎቹ ተነሥተው ቆመዋል። አለቃው ልጅ ውሃ ከፊቱ እየተንጠባጠበ ወደ እናቴ መጣ። ቀሚሷን ይዤ ስለነበር የተናገረውን የሰማነው እሷና እኔ ብቻ ነን።

«እናቴ፣ ምነው በጆሮዬ ቢነግሩኝ?» አላት።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሆነ። ሌሎቹ ሰምተዋል። የጀርባው በር ተከፈተ። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ወጣ፤ ጸጉሩ ላይ ገለባ አለ፣ ከጨለማ ስለወጣ ዓይኑን ያሻል። እናቴ ጠባቂዋን እንዳይነኳት ፊቷ ቆማ «እሷ አታውቅም፤ እኔ ነኝ ያስገባሁት» አለች። ቁልፉ ከሴትዮዋ ሽርጥ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። አለቃው ልጅ አየው። «ሰምቻለሁ» አለና ፊቱን አዞረ። እናቴ ከጥቅልላችን ደበሎውን አውጥታ ወንድሜን አለበሰችው። ማንም አልከለከላትም። እንደዚያው ለቤተ ክርስቲያን ተማሪ ተብሎ የተሰፋውን ለምድ ለብሶ፣ የደብተር ቦርሳ ከያዘው ልጅ ጎን ተቀመጠ። መኪናው ወጣ።

አጎቴ እንደ ቃላቸው አመሻሽ ላይ መጡ። ታንኳዋ ውስጥ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ አበጅተው ነበር የመጡት።

እናቴ ወደ ጎርጎራ አልተመለሰችም። «ከዚህ ነው የሄደው፣ እዚህ ነው የሚፈልገኝ» አለች። ዓባይ ማዶ ቤት ተከራይተን ዳቦዋን እዚህ መሸጥ ጀመረች። ድምፅዋ ግን ጠፋ። ማለቴ፣ ዝቅ አለ። ከደጅ ስትፈልገኝ እንኳ አትጣራም፤ እስከ አጠገቤ መጥታ ትከሻዬን ትነካኛለች። ቤተ ክርስቲያን እልልታ ሲሆን ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። አንዳንዴ ሊጥ እያቦካች «በጆሮው...» ስትል እሰማታለሁ። «አላወቅሽማ» እላታለሁ። «አዎ፣ አላወቅሁም» ትላለች፤ ነገ ደግሞ ያው ነው።

መንግሥት ተለውጦ ወታደሩ በየመንገዱ ወደ ቤቱ ሲጎርፍ፣ እናቴ በየቀኑ ድልድዩ ዘንድ ትቆም ነበር። የመጣው ግን እሷ ቤት በዋለችበት ቀን ነው። ያ ሁሉ ጸጉር ሳስቷል፣ ጉንጩ ገብቷል። በሩ ላይ ቆሞ «ዳቦ አለ?» አለ። እናቴ እግሩ ላይ ወደቀች። ሊያነሣት ቢል እምቢ አለች።

«ማረኝ ልጄ። እኔ ነኝ የሰጠሁህ።»

ወንድሜም ከጎኗ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እናቴ፣ ብረቱ ሲነሣ እጇን አይቻለሁ እኮ። እኔ ራሴ ልጮኽ አፌን ከፍቼ ነበር። ቀደምሽኝ እንጂ።»

«እውነትህን ነው?»

«በእግዜር።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የእናቴ ድምፅ ተመለሰ። ምሳ ሲደርስ ከጓሮ ሆና ወንድሜን በስሙ ስትጣራ የሰፈሩ ሰው ይስቅ ነበር። እንዲያ ሆና ብዙ ዓመት ኖረች፤ በሰላምም አረፈች።

አርባዋን ያወጣን ዕለት እንግዳው ሁሉ ሄዶ እኔና ወንድሜ በረንዳው ላይ ቀረን። ፀሐይዋ ከባሕር ዳር በኩል እያዘቀዘቀች ነበር። ስንት ዓመት ሳልጠይቀው የኖርሁትን ጠየቅሁት።

«የእውነት ልትጮኽ ነበር?»

ፈገግ አለ።

«ተኝቼ ነበር» አለኝ። «ከጎርጎራ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም። ውስጡ ደግሞ ጨለማ ነው። ገና ጋደም ከማለቴ ወሰደኝ። ብረቱንም አልሰማሁ፣ ነብሯንም አላየሁ።»

«ታዲያ ምን ሰማህ?»

«ስሜን። እሷ ስትጠራኝ ነው የነቃሁት» አለ፣ ዓይኑን ከፀሐይዋ ላይ ሳይነቅል። «ለትምህርት ቤት የምትቀሰቅሰኝ ነበር የመሰለኝ።»