አርሊስ ሁለቴ ያልተጠየቀችበት ቀን

አርሊስ ክቫሜ የመጀመሪያውን ግብዣ ተቀብላ አታውቅም። ሁለተኛውንም እንደዚያው። "ቡና ላምጣልሽ?" ሲሏት "ኧረ ተይው፣ አትቸገሪ" ትላለች። "ግዴለም፣ የተፈላ ነው" ሲሏት "አይ፣ ቤት ጠጥቼ ነው የወጣሁት" ትላለች። ሦስተኛው ላይ "እንግዲህ ከምትደፊው…" ብላ ኩባያውን በሁለት እጇ ትቀበላለች። እኛ የሰሜን ሚኒሶታ ሰዎች ሁላችንም ይሉኝታ ያጠቃናል። በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ የሚል ሰው ካያችሁ ወይ ሕፃን ነው ወይ ከሌላ አገር የመጣ ነው። አርሊስ ግን ከሁላችንም ትብስ ነበር።

ባሏ ኦርቪል እንደሚያወራው ከሆነ፣ ላግባሽ ሲላት "ኧረ ስለ እኔ ብለህ አትቸገር" ብላዋለች። ደግነቱ እሱም የዚሁ መንደር ልጅ ነውና አልተከፋም፤ በሚቀጥለው እሁድ እንደገና ጠየቃት፣ በሦስተኛውም እሁድ። "ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ባርኔጣውን አድርጎ ይሄድ ነበር" ይላል እስከ ዛሬ፣ እሷ እየሰማች። እሷም "ሂድ እንጂ ማን ያዘህ?" ትለዋለች። በትዳራቸው ደስተኞች ናቸው፤ እንዲህ የሚነታረኩ ባልና ሚስት ሲያረጁ ማየት ደስ ይላል።

እኔ ዱዌን ቱሽ እባላለሁ። በቶርስቪክ አውሮፕላን ማረፊያ የነዳጅ ቦቴ እነዳ ነበር፤ አርሊስ ደግሞ የጣቢያው ኃላፊ ነበረች። ኃላፊ ስላችሁ ከሥሯ ብዙ ሰው እንዳይመስላችሁ። መንገደኛውን ራሷ ትመዘግባለች፤ ከዚያ ብርቱካናማ ሰደርያዋን ደርባ ሻንጣውን ራሷ ትጭናለች፤ መጨረሻ ላይ ሜዳው ላይ ቆማ ለአብራሪው እጇን እያወዛወዘች ራሷ ትሸኛለች። በቀን ሁለቴ የምትመጣ አንዲት ትንሽ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ነበረችን። በክረምት በረዶውን፣ በበጋ ትንኙን እየረገምን አብረን ብዙ ዓመት ሠራን። መርገሙን እንኳ እኔ ነኝ የማደርገው፤ እኔ ከአገሬ ሰው ለየት ብዬ ቶሎ ቱግ እላለሁ።

አንድ የሚያሳዝናት ነገር ብቻ ነበር፤ ታናሽ እህቷ ቨርና። ቨርና ገና በወጣትነቷ አሪዞና ሄዳ እዚያው ቀረች። እናታቸው ከተቀበሩ ወዲህ እህትማማቾቹ ተያይተው አያውቁም። ተጣልተው አይደለም፤ በየበዓሉ ይደዋወላሉ። አርሊስ ጡረታ ልትወጣ ሳምንት ሲቀራት ቢሯ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ቨርና ደወለች።

"ለሽኝትሽ ልምጣ እንዴ?" ስትል ሰማኋት፤ የቢሮው ስልክ ድምፁ ከፍ ያለ ነው።

"ኧረ ምን በወጣሽ! ቡናና ጣፋጭ ብቻ እኮ ነው" አለች አርሊስ። "መንገዱም ሩቅ ነው።"

"እሺ በቃ፣ እንደምትዪው" አለች ቨርና፤ ትንሽ ስለ ሙቀት አወሩና ተዘጋ።

አርሊስ ስልኩን እያየች ቀረች።

"አትመጣም" አለችኝ።

"ነይ አላልሻትማ!"

"እንዴት ብዬ ነይ እላለሁ? እንደገና ትጠይቀኛለች ብዬ ነው እንጂ።"

"አርሊስ፣ አሪዞና የሚኖር ሰው ሁለቴ አይጠይቅም። እዚያ ፀሐዩም ሰዉም ቀጥታ ነው።"

"አንተ ደግሞ መቼ ሄደህ አየህ?" አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እሷ ግን ከመናገር ደጃዝማችነቱ ቢቀርባት የምትመርጥ ሴት ናት። በጣም አሳዘነችኝ፣ ደግሞም አናደደችኝ።

የሽኝቱ ቀን ደረሰ። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ሆትዲሽ በትልልቅ ትሪ ይዘው መጡ፤ ከሥሩ የተፈጨ ሥጋ በእንጉዳይ ሾርባ፣ ከላይ ደግሞ የተደረደረ የድንች ጥብስ ያለበት፣ ከምድጃ እንደወጣ የሚንተከተክ ነገር ነው። በአራት ማዕዘን የተቆራረጠ ጣፋጭም በየዓይነቱ ነበረ። ምሳው ሊጀመር ሲል ትልቁ ከተማችን ሚኒያፖሊስ ላይ ከባድ ነጎድጓድ ተነሣ፤ እዚያ ሊያርፍ የነበረ የአንድ ትልቅ አየር መንገድ አውሮፕላን ወደ እኛ ተላከ። ሃምሳ ያህል ሰው የሚይዝ፣ የራሱ መውረጃ ደረጃ ያለው ጄት ነው። አርፎ ከሕንፃችን ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ።

ወዲያው ስልክ ጮኸ። አርሊስ እጇ ጣፋጭ ነክቶ ስለነበር በክርኗ ድምፅ ማጉያውን ተጫነችው። ደዋዩ የአየር መንገዱ የበረራ አስተባባሪ ነው፤ ከየት ከተማ እንደሚደውል እንኳ አልነገረንም።

"መንገደኞቻችንን ተርሚናላችሁ ውስጥ መቀበል ትችላላችሁ?" አለ።

"ያው… እኛ እኮ ትንሽ ጣቢያ ነን" አለች አርሊስ። "ወንበሩም ብዙ አይደለም፤ የሚበላውም ያን ያህል…"

"ገባኝ። አመሰግናለሁ" አለና ዘጋው።

አርሊስ ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ። ኦርቪልን የወረቀት ሳህን እንዲያመጣ ላከችው። ከመጋዘን ተጣጣፊ ወንበሮች አስወጣችን። ሁለተኛ ጠረጴዛ አስነጠፈች፣ ውሃ በጆግ አስቀዳች፣ ሆትዲሹ እንዳይቀዘቅዝ በፎጣ ሸፈነችው። ከዚያ ሰደርያዋን ለብሳ በሩ አጠገብ ቆመች፤ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው።

ማንም አልመጣም። የአውሮፕላኑ በር እንደተዘጋ ነው። እኛም ይሉኝታ ይዞን ሳንበላ ቁጭ አልን፤ እንግዳ ሳይመጣ እንዴት ይበላል? አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ፀሐዩ በርትቶ አስፋልቱ ይጋረፋል።

"ለምንድን ነው የማይወርዱት?" አልኳት።

"እንጃ። እንደገና አልጠየቁም። የእኛን ቤት ንቀውት ይሆናል።"

"ደውዪና ጠይቂያ!"

"ሰውን ማስጨነቅ ነው የሚሆነው፣ ዱዌን።"

ቱግ አልኩ። ኮፍያዬን ደፍቼ ቦቴዬን አስነሣሁና ወደ አውሮፕላኑ ነዳሁ። ስጠጋ በየመስኮቱ ፊቶች ተለጥፈው አየሁ። አንዲት እናት የመቀመጫ ኪሱን ወረቀት እንደ ማራገቢያ ይዛ ልጇን ታራግባለች፤ ልጁ ፊቱ በርበሬ መስሏል። አብራሪው የጎን መስኮቱን ከፍቶ ጮኸብኝ።

"ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ? ውሃ አልቆብናል፣ ሽንት ቤቱ ሞልቷል፣ እናንተ እዚያ ድግስ ላይ ናችሁ!"

"ታዲያ ለምን አትወርዱም?"

"ለምን አትወርዱም? ጣቢያው አልቀበልም ብሏል ብሎኛል እኮ ኩባንያዬ!"

"ማነው አልቀበልም ያለው?"

"ኃላፊዋ ናታ!"

በሕይወቴ ቦቴ እንደዚያ ነድቼ አላውቅም። ቢሮ ገብቼ ያለውን እንዳለ ነገርኳት። አርሊስ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

"እኔ? እኔ አልቀበልም አልኩ?"

"ትንሽ ነን አልሽው። ወንበር የለንም አልሽው። እሱ ምን ይበል?"

"እንደገና ይጠይቃላ! ምግቡን አልሸፈንኩም? ወንበሩን አላወጣሁም?"

"እሱ የሸፈንሽውን በስልክ አያይም፣ አርሊስ።"

አርሊስ በመስኮቱ አውሮፕላኑን አየች። ከዚያ በቀስታ፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "ቨርናም የሰማችኝ እንደዚህ ነው ማለት ነው?" አለች።

በአዎንታ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ።

ተነሥታ ስልኩን አነሣች። ያው አስተባባሪ ነው ያነሣው።

"ሰዎቹን አውርዷቸው" አለችው። "ቦታ አለኝ። ምግብ አለኝ። ውሃ አለኝ። አሁኑኑ ይውረዱ።"

"እርስዎ ቀደም ብለው አልቀበልም ብለው ነበር እኮ።"

"አሁን እቀበላለሁ እያልኩ ነው።"

"አመሰግናለሁ፤ ግን ነጎድጓዱ ሊያልፍ ስለሆነ ትንሽ ቢጠብቁ ይሻላል። አንዴ ከወረዱ መልሶ ማሰባሰቡ ያዘገየናል።"

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ለካ የእሷ "ትንሽ ነን" ለሰውዬው የተመቸ ምክንያት ነበር! እንቢ አሉን ብሎ ለአብራሪው መንገር፣ እሺ ብለው ሃምሳ ሰው ከማውረድና ከማሳፈር ይቀለዋል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይሄ ነው። የኛም ይሉኝታ ጥፋት ነው፣ አልክድም። ግን ትኬት የሸጠላቸው እሱ ነው፤ ሕፃን በር ተዘግቶበት ሲጋገር አንዴ አይደለም አሥሬ መጠየቅ የእሱ ግዴታ ነበር።

አርሊስ ደግሞ እንዲህ አለችው፦ "ስማኝ ልጄ። እነዚህ ሰዎች የናንተ ናቸው። ጠባቂያቸው እኔ አይደለሁም፣ አንተ ነህ። አንተ ካልቻልክ ግን እኔ በሬን ከፍቻለሁ።" ዘጋችበት።

አርሊስ ክቫሜ በሰው ላይ ስልክ ስትዘጋ ያየ ከኛ ውስጥ አንድም አልነበረም።

ሰደርያዋን ቆልፋ በፀሐዩ ሜዳውን አቋርጣ ሄደች። አውሮፕላኑ አፍንጫ ፊት ቆመችና ሁለት እጇን ወደ ራሷ ደጋግማ ሳበች፣ ኑ ኑ እያለች። አብራሪው አለቆቹን እስኪያስፈቅድ አልጠበቀም፤ ደረጃው ወረደ።

ገቡ። ላብ በላብ ሆነው፣ ግማሹ እየተሳደበ፣ ግማሹ ለመጸዳጃ ቤት እየሮጠ ገቡ። ልጁ ውሃውን ሲጠጣ በአንገቱ ላይ እየፈሰሰ ነበር፤ እናቱ አርሊስን አቅፋ አለቀሰች። ሆትዲሹ ቀዝቅዞ ነበር፤ የተረፈ ግን የለም። የሰሜን ዳኮታ ገበሬ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ብቻ በሩ ጋ ቆመው "እኔ ደህና ነኝ፣ ለሌሎቹ ይሁን" ይላሉ፤ ዓይናቸው ግን ከትሪው አልተነቀለም። አርሊስ ሳህኑን ሞልታ እጃቸው ላይ አስቀመጠችው።

"ይብሉ!"

"ኧረ እኔስ…"

"ይብሉ አልኩ! ዛሬ ሦስቴ የምጠይቅበት ጊዜ የለኝም።"

ሽማግሌው ሳቃቸው መጣ። "የቶርስቪክ ሰው እንዲህ ክፉ ነው እንዴ?" እያሉ ጎረሱ።

ሽኝቱ እንደዚያ ሆነ። አብራሪው ስለ አርሊስ ንግግር አደረገ፤ ሃምሳ የማያውቃት ሰው አጨበጨበላት። እሷም ፊቷ ቀላ፣ ግን ደስ ብሏት ነበር፤ ያስታውቅባታል። ሰማዩ ሲያበራ አውሮፕላኑ ተነሥቶ ሄደ። አየር መንገዱ በኋላ ደብዳቤ ጻፈ፤ ጥፋቱን በትሕትና በኛ ላይ አላከከ። በዓመቱ ደግሞ ሕግ ወጣ፤ በአገር ውስጥ በረራ መንገደኛን አስፋልት ላይ ከሦስት ሰዓት በላይ ዘግቶ ማቆየት ተከለከለ፣ ውሃና የሚቀመስ ነገርም ከዚያ ቀድሞ ይሰጠዋል። አየር መንገዱ ከየማረፊያው ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ ዕቅድ እንዲያወጣም ታዘዘ። ሕጉ የወጣው በኛ ምክንያት አይደለም፤ እኔ ግን ጋዜጣውን ሳነብ ደስ ብሎኝ ብቻዬን ጮኼአለሁ።

ወደዚያው ቀን ልመልሳችሁ። ሰው ሁሉ ሄዶ ጠረጴዛውን ስናነሣ ትሪው ላይ አንድ ጣፋጭ ቀርቶ ነበር። በእኛ አገር የመጨረሻዋን ቁራሽ የሚነካ የለም። አንዱ ግማሿን ቆርጦ ይወስዳል፣ ሌላው የግማሿን ግማሽ፣ እንዲህ እያለች ፍርፋሪ እስክትሆን ትቆራረጣለች። ኦርቪል ቢላዋ አንሥቶ ነበር። አርሊስ ሙሉዋን አነሣችና በአንድ ጊዜ ጎረሰቻት።

ኦርቪል ቢላዋውን እንደያዘ ቀረ። "አመመሽ እንዴ?"

አፏን ጠራርጋ ቢሮ ገባች፤ እኔም ወንበር የምሰበስብ መስዬ ተከተልኳት። ደወለች።

"ቨርና፣ እኔ ነኝ። ነይ።"

"ምን ሆናችሁ? ኦርቪል ታመመ እንዴ?"

"ማንም አልታመመም። ናፍቀሽኛል፣ እንድትመጪ እፈልጋለሁ።"

ከዚያ ቨርና፣ ያን ሁሉ ዓመት አሪዞና የኖረችው ቨርና፣ "ኧረ እኔ… ለምን ላስቸግራችሁ?" አለች።

አርሊስ ቀና ብላ አየችኝ። ሁለት ጣት አነሣሁላት።

"ምንም ችግር የለም። ነይ።"

"በዚህ ሙቀት ደግሞ እንግዳ ማስተናገድ…"

ሦስተኛውን ጣቴን አነሣሁ። አርሊስ ግን አላየችኝም፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

"ቨርናዬ፣ ነይ በቃ። አልጋሽን እኮ ባለፈው ሳምንት ልምጣ እንዴ ስትዪኝ ነው ያነጠፍኩት።"