አሰላፊው ጋሽ ዱካሞ

እኔ ብዙ አልተማርኩም። አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ ከሱቅ ዕቃ ዝርዝር ሌላ ጽፌም አላውቅ። ስለ ጋሽ ዱካሞ ግን አንድ ሰው መጻፍ አለበት ብዬ ነው። ከተሳሳትኩ እርሙኝ።

ጋሽ ዱካሞ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ አሌክሳንድራ በሚባል ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አላቸው። በቤተ ክርስቲያናችን ሰርግ ሲኖር ደግሞ ከሙሽራው ቀጥሎ የሚፈለጉት እሳቸው ናቸው። ሰዉ አስጨፋሪ ይላቸዋል። እሳቸው አይወዱትም፤ አስጨፋሪ ለዓለም ነው፣ እኔን አሰላፊ በሉኝ ይላሉ።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። እዚህ ጆሃንስበርግ ስንሰበሰብ አንዱ ሀድያ ነው፣ አንዱ ከምባታ፣ አንዱ ወላይታ፣ አንዱ ጉራጌ። መዝሙር ሲነሳ ሁሉም በየአገሩ እግር ይሄዳል፣ ከዚያ እግር ለእግር መረጋገጥ ነው። አንድ ሰርግ ላይ የሙሽራዋ ቬሎ ተረግጦ ሲቀደድ ጋሽ ዱካሞ አዩና ለሁላችንም የሚሆን አንድ ሽብሸባ አወጡ። ወንዶች በአንድ ረድፍ፣ ሴቶች በአንድ ረድፍ፣ ፊት ለፊት ይቆማሉ። እሳቸው ወንበር ላይ ወጥተው «ተያዩ» ይላሉ፣ «ተሻገሩ» ይላሉ፣ «ጎረቤት ለውጡ» ይላሉ። ጎረቤት በተለወጠ ቁጥር አዲስ ሰው ፊትህ ይመጣል። መዝሙሩ ሳያልቅ ከማታውቀው ሰው ሁሉ ጋር ተሳስቀሃል።

አዲስ ዙር ሲያወጡ ባንኮኒው ላይ ሳሙና ይደረድራሉ። አረንጓዴው ወንድ ነው፣ ቢጫው ሴት። ደንበኛ ቢጫ ሳሙና ሲጠይቃቸው ከመደርደሪያው ያወርዳሉ እንጂ ከረድፉ አያነሱም።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጀመሪያ ተጠራጥረው፣ ይሄ ሽብሸባ ነው ወይስ ጭፈራ ብለው አስጠሯቸው። እሳቸውም ሳይሰለፉ መፍረድ አይሆንም ብለው ሽማግሌዎቹን አሰለፏቸው። ሁለት ዙር ከሄዱ ወዲህ ጥያቄው ተነስቶ አያውቅም።

ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ሰርግም ቆመ። በ2021 ጃንዋሪ ላይ ጋሽ ዱካሞን ያዛቸው። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል በኦክስጅን ተኙ። ሲወጡ ድምፃቸው አብሯቸው አልወጣም። ሦስት ቃል ተናግረው ያርፋሉ። ሰርግ በጥቂት ሰው ሲፈቀድ የወንድማቸው ልጅ ሶልያና ኤፕሪል ላይ ልታገባ ሆነ። ሱቃቸው ስሄድ ባንኮኒው ባዶ ነበር። ሚስታቸው እትዬ ደስታነሽ ወደ ጎን ወሰዱኝና፣ አሰላፊነቴ አበቃ፣ ረድፉም ከእኔ ጋር ይቀራል ብሎ ምግብ አልበላም አለ አሉኝ።

እኔ ሁልጊዜ የምቆመው ከረድፉ መጨረሻ ነው። ከዚያ ሁሉም ስለሚታይ ዙሩን በሙሉ በቃሌ አውቀዋለሁ። ጋሽ ዱካሞ ይህን አይተውብኝ ኖሯል።

«እምነት፣ አንቺ ታሰልፊያለሽ» አሉኝ።

እኔ ሰው ፊት ስሜ ሲጠራ አቤት ማለት የሚያቅተኝ ነኝ። «ጋሼ፣ እኔ አፍራለሁ።»

«ማስክ አድርገሽ» አሉና አረፉ። «ማን ያይሻል?»

ሰርጉ ሮዘተንቪል ሰፈር፣ አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ነበር። እጅ መያያዝ ስለማይቻል ጥንድ ጥንድ እየሆኑ የነጠላ ጫፍና ጫፍ ያዙ። ጋሽ ዱካሞ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ እኔ አጠገባቸው ቆምኩ። አሰላፊ ቃሉን ከእግር አስቀድሞ ነው የሚጥለው። እኔ ግን ትክክል መሆኔን ላረጋግጥ ስጠብቅ እግሩ ደረሰ። ወንዶቹ በልማድ ተሻገሩ፣ ሴቶቹ ቃል እየጠበቁ ቀሩ፣ ነጠላው ተጠላለፈ። የሙሽራው ሚዜ ሽጉጤ፣ አሰላፊያችን ኔትወርክ የላትም አለ። ግቢው ሳቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጋሽ ዱካሞ ቀሚሴን ሳብ አደረጉኝ። «ተሳሳቺ። ግን ቶሎ ተሳሳቺ።»

ከዚያ በኋላ ቃሉን ቶሎ ቶሎ ጣልኩት። ረድፉ ተስተካክሎ ሄደ። ዘወር ስል ጋሽ ዱካሞ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የሚሠሩት አጥተዋል። አሰላፊ ረድፍ ውስጥ አይገባም፤ በዚያ ሁሉ ሰርግ ከሚስታቸው ጋር አንድ ቀን ተሰልፈው አያውቁም። እትዬ ደስታነሽ መጡና የነጠላቸውን ጫፍ ባላቸው እጅ ላይ አኖሩት። ጋሽ ዱካሞ ተነሱ።

ሁለቴ ደህና ተሻገሩ። በሦስተኛው መሐል ላይ ትንፋሽ አጠራቸው፣ ደረታቸውን ይዘው ቆሙ። ቀጥሎ የሚጣለው ቃል «ጎረቤት ለውጡ» ነው። ብጥለው ረድፉ ሁሉ እሳቸው ላይ ይመጣል። እንዲህ ላለው ነገር የተሰጠ ቃል የለም።

«ቁሙ» አልኩ፤ ጮክ ብዬ።

ሁሉም ባለበት ቆመ። መዝሙሩ አላቋረጠም፣ ሰዉ እያጨበጨበ ጠበቀ። እትዬ ደስታነሽ ነጠላውን አልለቀቁም። ጋሽ ዱካሞ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ በረጅሙ ተነፈሱና ወደ እኔ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያኔ ጎረቤት አስለወጥኩ።

አሁን ያ መቆም የዙሩ አካል ሆኗል። በየሰርጉ ሁሉም መሐል ላይ ቆሞ ያጨበጭባል፤ አዲስ የመጡት ከጥንት የነበረ ይመስላቸዋል። ይሄን ማን አወጣው ብለው ሲጠይቋቸው ጋሽ ዱካሞ፣ ግማሹ የእምነት ነው፣ ግማሹ የሳንባዬ ይላሉ።