የሃሴት ሠርግ ጠጅ

ሙላቱ ተወልዶ ያደገው ደብረ ብርሃን ጠጅ ቤት ውስጥ ነው። አያቱ ጠጅ ይጥሉ ነበር፤ እናቱም ሙያውን ከእሳቸው ወረሱ። እሱ ደግሞ በጋኑ ዙሪያ ዳዴ ሲል አድጎ፣ ማንም ሳያስተምረው ቻለበት። ሲያትል ከመጣ በኋላ ቀን ሲታክ አየር ማረፊያ ታክሲ ይነዳል፣ ማታ ፌደራል ዌይ ባለው ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ጠጁን በበርሜል ይጥላል። ክርስትናውም ሠርጉም ያለ ሙላቱ ጠጅ አይደምቅም ተባለ። እሱም ይህን ሲሰማ ደረቱን መንፋት ይወድ ነበር።

ይህ ሁሉ ታናሽ ወንድሙ አብዮት በዲቪ እስኪመጣ ነው። እናታቸው በስተርጅና ሙያቸውን ቁጭ ብለው ያስተማሩት አብዮትን ነበርና፣ ሬኒየር ቢች ቤቱ የጣላትን የመጀመሪያ ጠጅ የቀመሰ ሁሉ "ይሄማ የእናታችሁ እጅ ነው" አለ። ሙላቱን ስንት ዘመን ሲጥል እንዲህ ያለው ሰው የለም። ሙላቱ ይቀና ጀመር፤ ወንድሙ ሲመሰገን ፈገግ ይልና መኪናው ውስጥ ገብቶ ብቻውን ይንጨረጨራል።

ልጁ ሃሴት ልታገባ ስትል ባሰበት። በቤታቸው ወግ የሠርግ ጠጅ የሚጥለው ታላቅ ነው። ሃሴት ወጉን ከየት ታውቀዋለች?

"ዳዲ፣ ጠጁን አንክል አብዮት ቢሠራው ኦኬ ነው? የሱ ስሙዝ ነው፣ ለስለስ ይላል" አለችው።

እሺ አላት። ከዚያ ጋራዡ ገብቶ ባዶ በርሜሉን ጥግ አስያዘው።

አብዮት ጠጁን እንደ ጣለ መሥሪያ ቤቱ ለሥልጠና ፖርትላንድ ላከው። የሚመለሰው ለሠርጉ ዕለት ስለሆነ የቤቱን ቁልፍ ለሙላቱ ሰጥቶ፣ ጌሾው ሐሙስ እንዲወጣለት፣ ካለፈ እንደሚመር አሳሰበው። ለሙላቱ ይህ ይነገረዋል?

ሐሙስ ሄዶ በርሜሉን ከፈተ። ሽታው የእናቱ ነበር፣ ቁርጥ የእናቱ። ይህን እጅ ለምን ለሱ ሰጡት? አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ክዳኑን መልሶ ገጥሞ ወጣ። አብዮት ኮል ሲያደርግ "አውጥቼዋለሁ" አለው። ጌሾውን ያወጣው ግን ቅዳሜ፣ በሠርጉ ዋዜማ ነው።

አብዮት ከመንገድ በቀጥታ አዳራሹ ገባና፣ ጠጁ ሳይቀዳ ማይክ ያዘ።

"በቤታችን የሠርግ ጠጅ የሚጥለው ታላቅ ነው" አለ። "እኔ ማሩን ነው የገዛሁት። ጠጁ የወንድም ጋሼ ነው፤ እጃቸው ይባረክ።"

አዳራሹ አጨበጨበ። ሙላቱ እያየ ጠጁ በየብርሌው ተቀዳ። ሽማግሌው ጋሽ ዓምደ ሚካኤል አንዴ ፉት አሉና ብርሌውን ቀስ አድርገው አስቀመጡ። ከዚያ ወዲያ በየጠረጴዛው ፊት ሲኮሳተር፣ ውሃ ሲጠየቅ ታየ።

ሃሴትም ቀመሰች። ቀና ብላ አባቷን አየችው። ከዚያ ዓይኗን ከሱ ሳትነቅል፣ በሰው ፊት እንዳያፍር ብላ፣ ያን መራራ ጠጅ እስከ ታች ጨለጠችውና እንዲደገምላት ብርሌዋን ዘረጋች።